ማሽኑ የዋጣት ብይ

በጆሮዬ እኮራ ነበር። በተዘጋ መስኮት በኩል፣ ከመንገድ ማዶ ሆኜ፣ የማላውቀው ሰው ቤት የሚዞረው ልብስ ማጠቢያ ማሽን ቺንጋው ላልቶ እንደሆነ ወይም ኩሽኔታው አልቆ እንደሆነ እለያለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በጥገና የኖረ ሰው ሌላ ምን ይለያል? ሰው ፊት አይቶ ሆድ ያነባል፤ እኔ ያን አልታደልኩም።

ሰው የጣላቸውን አሮጌ ማሽኖች እየሰበሰብኩ አድሳለሁ። አሥራ አራት ደርሰዋል። ዕቃ ቤቱን ሞልተው፣ ኮሪደሩን አልፈው፣ ሳሎን ገብተዋል። እንግዳ ሲመጣ በማሽኖቹ መካከል በጎኑ ነው የሚያልፈው። የማድረቂያው ሰው የምንለው ጓደኛዬ ደግሞ የሚሰበስበው ልብስ ማድረቂያ ብቻ ነው፤ «አንተ አርጥብ፣ እኔ ላድርቅ» ይለኛል። እሁድ እሁድ ዐይናችንን በፎጣ በየተራ እያሰርን እንፈታተናለን። አንዱ ማሽን ያስነሳል፤ ሌላው በድምፁ ብቻ ዕድሜውንና ሕመሙን ይናገራል። ሚስቴ በበሩ ስታልፍ «ሁለት ሽበታም ድብብቆሽ ሲጫወት አያፍርም» ትለናለች። ተሸንፌ አላውቅም።

እጄ ያልነካው የኩሽናውን ማሽን ብቻ ነበር፤ ሚስቴ የምታጥብበትን። ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሱ ነው።

አንድ ልጅ ነበረችን። ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቤቱን የምታዘው ግን እሷ ስለሆነች አለቃ እንላት ነበር። ብይ ስትጫወት የሰፈሩን ወንዶች ኪስ ባዶ ታስቀራለች። አንድ ማክሰኞ፣ የምትሳሳላት አረንጓዴ ብይ ቀሚሷ ኪስ ውስጥ እንዳለች ቀሚሱ ታጠበ። ብይዋ በጎማውና በድራሙ መካከል ሾልካ ውጭኛው ገንዳ ውስጥ ገባች። ድራሙ በዞረ ቁጥር ከሥር ኳ፣ ኳ ትላለች።

አለቃ እያለቀሰች መጣች። «ማሽኑ ብይዬን ዋጣት!»

«ቅዳሜ እከፍተውና አወጣልሻለሁ» አልኳት።

«ማልልኝ።»

«አለቃ ትሙት!» አልኳት፤ ሁሉም ሰው እንደሚምለው።

ሐሙስ አተኮሳት። ቅዳሜ ቀበርናት።

ከዚያ በኋላ ብይዋን ረሳኋት። አላሳምረውም፤ ረሳኋት። ሐዘን ሌላውን ሰው ወደ መጠጥ ይወስደዋል፣ እኔን ወደ ብረት ወሰደኝ። የመጀመሪያውን አሮጌ ማሽን ጎትቼ ያመጣሁት ልጃችን በሞተች በሁለተኛው ወር ነው። የተበላሸ ነገር ከፍቼ፣ ምን እንደሆነ አይቼ፣ ዘግቼ ሲሠራ ሳየው ለአንድ ሰዓት ያህል እተነፍሳለሁ። ሚስቴ ደግሞ ማጠብ አበዛች። ንጹሑን አንሶላ ደግማ ታጥበዋለች። በርጩማ ስባ ማሽኑ ፊት ትቀመጥና እስኪያበቃ አትነሳም። ያኔ አንድ ቀን «ይቺን እንዳትነካት» አለችኝ። «እሺ» አልኳት። በቤቱ ውስጥ ከእኔ እብደት ነጻ የሆነ አንድ ማሽን የፈለገች መስሎኝ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኳኳታውን እየሰማሁ፣ ኩሽኔታ ነው እያልኩ፣ በውስጤ እየተብከነከንኩ ኖርኩ።

በዚያ ዘጠኝ ዓመት ወሬያችን አልቆ «ራት ቀርቧል»ና «በሩን ዝጋው» ብቻ ቀርቶ ነበር። እኔ ሚስቴን መልሼ ማግኘት ነበር የምፈልገው፤ እንዴት እንደሚገኝ ግን አላውቅም። የማውቀው ጥገና ነው። ባለፈው ወር እህቷ ታማ ልታስታምም ለሳምንት ስትሄድ፣ ትደሰት ይሆናል ብዬ ማሽኑን ከፈትኩት።

ከገንዳው ሥር ከዝገትና ከሳሙና ዝቃጭ ጋር አንዲት ክብ ነገር ወጣች። ዘጠኝ ዓመት ከብረት ጋር ተፋጭታ ነጥታለች፤ ጠጠር ነው የምትመስለው። በጣቴ እንኳ አላሸኋትም። ከዝቃጩ ጋር ጠርጌ ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ጨመርኳት። አዲስ ኩሽኔታ፣ አዲስ ቺንጋ፣ አዲስ ጎማ ገጠምኩለት። ከረጢቱን በነጋታው የቆሻሻ መኪና ወሰደው።

ሚስቴ እንደተመለሰች ሻንጣዋን ሳትፈታ አንሶላ ጨመረችና ማሽኑን አስነሳች። እኔ በር ላይ ቆሜ፣ ፈገግታዬን መያዝ አቅቶኝ፣ እጠብቃለሁ። ማሽኑ እንደ ቅቤ ይዞራል። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ቆርቆሮው ላይ ለጠፈች።

«ምን ሆነ?» አለች። «ለምንድነው ዝም ያለው?»

«ጠገንኩልሽ! ከእንግዲህ አይንኳኳም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ብይዋስ?»

«የምን ብይ?» አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ሁሉም ነገር የመጣብኝ፤ ማክሰኞው፣ መሐላው፣ የጣልኳት ጠጠር። በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

«አብረን የምንሰማት ነበር የመሰለኝ» አለች። «ማሽን ሲንኳኳ ከሰመመኑ የሚነሳ ሰው፣ ይኼን ሁሉ ዓመት ዝም ያለው ለእሷ ብሎ ነው እያልኩ። አንድ ቀን ስሟን አንስተህ አታውቅም፤ ግን ይኼን ድምፅ ትቶላታል እል ነበር። እኔ ከአንተ ጋር የኖርኩት በዚህ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔ ግን ለልጄም ባዳ ሆነ።

የከተማው ቆሻሻ የሚደፋበት ቦታ ሄድኩ። የበሩ ዘበኛ «አባት፣ ምን ጠፍቶብዎት ነው?» አለኝ።

«ብይ።»

«በዚህ ዕድሜዎ?» ብሎ ሳቀ። ፊቴን ሲያየው ሳቁን ዋጠና አካፋ አበደረኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ቆፈርኩ። የሰው ጉድ ሁሉ ወጣ፤ እሷ ግን የለችም።

በሦስተኛው ቀን የባሰውን አደረግኩ። አረንጓዴ ብይ ገዛሁና እስክትነጣ ድረስ በአሸዋ ወረቀት ፈገፈግኳት። ሚስቴ ገላዋን ስትታጠብ በጎማውና በድራሙ መካከል አሾልኬ ከተትኳትና ማሽኑን አስነሳሁ። ኳ አለች። ኳ፣ ኳ።

ሚስቴ ፎጣ እንዳገለደመች፣ ውሃው ከፀጉሯ እየተንጠባጠበ፣ በባዶ እግሯ እየሮጠች መጣች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ አላየሁትም። ከልጃችን ሞት በፊት የነበረችው ሴት ናት የቆመችው።

«አገኘሃት?» አለች።

አዎ ብላት አለቀ። ማን ያውቅብኛል? ያን ፊት ዕድሜ ልኬን ሳየው እኖር ነበር፤ እሷም በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ እኔ ለገዛኋት ብይ ታለቅስ ነበር። ያን ማየት አልቻልኩም።

«የገዛኋት ናት» አልኳት። «የእሷን አላገኘኋትም።»

ፊቷ እንዴት እንደተመለሰ አልናገርም። ማሽኑን አጠፋች፣ ሶኬቱን ነቀለች፣ ሽቦውን በሥርዓት ጠቅልላ ክዳኑ ላይ አስቀመጠችው።

«ውሰደው» አለች። «ከእነዚያ ጋር አድርገው።»

ከማድረቂያው ሰው ጋር ገፍተን ሳሎን አስገባነው፤ አሥራ አምስተኛዬ ሆነ። ማታ ማታ ስለ አለቃ ልነግራት እሞክራለሁ፤ እንዴት ታዘን እንደነበር፣ እንዴት ትስቅ እንደነበር። ዘጠኝ ዓመት ዘግይቼ የጀመርኩት ወሬ ስለሆነ ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ትነሳለች። ልብሱን አሁን በእጇ ነው የምታጥበው፤ የእኔንም ጭምር። ትናንት አጠገቧ ተንበርክኬ «ልርዳሽ» አልኳት።

«ተወው» አለችኝ፣ ሸሚዜን እያሸች። «ብቻዬን ለምጄዋለሁ።»