አመድ የለበሰው ብየዳ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ ብላችሁ ተቀመጡ። በርጩማ ያልደረሰው እዚህ ሣጥኑ ላይ ይቀመጥ። የምነግራችሁ እኔው ራሴ ስላጠፋሁት ጥፋት ነው።

ብየዳ መማር የጀመርኩት በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ያስጀመረኝም ፍርሃት ነው። ታናሽ ወንድሜ እስካቫተር፣ ያንን ትልቅ የመቆፈሪያ ማሽን፣ ይነዳል። አንድ በያጅ የማሽኑን ክንድ ስንጥቅ ሳይበይድ በቀለም ሸፍኖ ሰጥቶት፣ ክንዱ ሥራ ላይ ተሰብሮ ወንድሜ ለጥቂት ተረፈ። ከዚያ ወዲህ የተሸፈነ ነገር አላምንም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ያስተማሩኝ የገባሁበት ጋራዥ አዛውንት በያጅ ናቸው፤ ጋሼ እላቸው ነበር። እጃቸው ወርቅ፣ አፋቸው ግን ቁልፍ። "እዪ" ይላሉ እንጂ ምክንያቱን አይናገሩም። ወፍራም ብረት በበየዱ ቁጥር ገና እንደጋለ ደረቅ አመድ ይከምሩበትና ጆንያ ደርበው "እስከ ነገ እንዳይነካ" ይላሉ። ሠራተኛው "ጋሼ፣ እሹሩሩም በሉለት እንጂ" እያለ ያሾፋል። እሳቸውም "ካንተ ይልቅ እሱ እንቅልፍ ይገባዋል" ብለው ያልፋሉ።

እኔ አልስቅም። ምን ሊደብቁ ነው? እላለሁ በሆዴ።

አንድ ቀን የወንድሜ ማሽን ክንዱ ተሰንጥቆ መጣ። ጋሼ በእሳት አሙቀው በየዱት፣ አመዱንም አለበሱት። ወንድሜ በማግስቱ ሊሠራበት ነው። ምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ እኔ ቀረሁ፤ ጆንያውን አንስቼ አመዱን በመጥረጊያ ገፋሁት።

ብየዳው እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ነው፤ እንከን የለውም። አፍሬ ልመልሰው ስል በበሩ ንፋስ ገባ። "ጢን" የሚል ድምፅ ሰማሁ። በጠርዙ በኩል እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ታየኝ። አላልኩም? ብዬ ወደ ጋራዡ ኃላፊ ሮጥኩ።

ኃላፊው መጥቶ አየና ጋሼን አስጠርቶ መሣሪያቸውን እንዲያስረክቡ ነገራቸው። ወንድሜም ደርሶ ቆሟል። ጋሼ አልተቆጡም። ጎንበስ ብለው መሬት ላይ የተጠረገውን አመድ አዩ።

"ማነው የገለጠው?" አሉ። "የጋለ ብረት ንፋስ ሲነካው ይሰነጠቃል። ቀስ ብሎ እንዲበርድ ነው የማለብሰው።"

አመዴ ቡን አለ። ዝም ብል ማንም አላየኝም። ግን እሳቸው ከተባረሩ ያንን ክንድ ማን ይበይደዋል? ወንድሜን እንደገና በማን እጅ ልጥለው?

"እኔ ነኝ ጋሼ" አልኩ።

"ለምን አልጠየቅሽኝም?"

"እርስዎስ ለምን አልነገሩኝም?"

ጆንያውን ከመሬት አነሱና "እሱም እውነት ነው" አሉ።

ኃላፊው ይቅርታ ጠይቋቸው ሄደ። ስንጥቁን ፍቀን አወጣነው፤ ብረቱን አሙቀን እንደገና በየድነው። በዚህ ጊዜ ጋሼ የእያንዳንዱን ነገር ምክንያት ይነግሩኝ ነበር። አመዱን አልብሰን አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት፤ ድመት እንኳ አላስጠጋሁ። በማግስቱ ስንጥቅ የሚያጋልጠውን ቀይ ፈሳሽ ቀባንበት፤ አንዲት መስመር አልወጣችም። ወንድሜ ማሽኑን ይዞ ሄደ። እኔ ግን እስኪመለስ ጆሮዬ ያቺን "ጢን" ስትጠብቅ ዋለች። አመል መች ይለቃል።

ጠርጥሩ ልጆቼ፣ አልከለክላችሁም። ብቻ የሰው እጅ ያለበሰውን ከመግለጣችሁ በፊት አንዴ "ለምን?" ማለትን እንዳትረሱብኝ፣ አደራ።