የቀኝ ፊት ጎማ

እኔ ደንበኛ ማባበል አይሆንልኝም። ጎማው ያለቀበትን ሰው «አልቋል» እለዋለሁ፤ ከተቆጣ ይቆጣ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ «በአንቺ ምላስ ይህ ቤት አንድ ቀን ይዘጋል» ይለኝ ነበር። እሱ ካረፈ አሥራ አምስት ዓመት ሆነው፣ ቤቱ ግን እስካሁን አልተዘጋም። ሰፈርተኛው «እትዬ ጎማ» ብሎ ስም አወጣልኝ። መጀመሪያ ለማብሸቅ ነበር፤ አሁን እውነተኛ ስሜን የሚያውቅ ሰው ራሱ ጥቂት ነው።

በሥራዬ ሁለት ልማድ አለኝ። አንደኛው፣ ያረጀውን ጎማ ከመጣሌ በፊት ለባለመኪናው አነብለታለሁ። ጎማ እንደ ጫማ ነው፤ አካሄድን ይናገራል። መሀሉ ብቻ ከተበላ ነፋሱ በዝቷል፤ ሁለቱ ጠርዞች ከተበሉ ነፋሱ አንሷል፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከተላጠ ሰውዬው ፍሬን የሚረግጠው እባብ እንዳየ ሰው ነው። ሁለተኛው ልማዴ፣ አዲሱን ጎማ ስጨርስ የመጨረሻዋን ብሎን ባለቤቱ ራሱ እንዲያጠብቃት መፍቻውን አቀብለዋለሁ። ይህን ያስጀመሩኝ ጋሼ ቀስበል ናቸው።

ጋሼ ቀስበል አርባ ዓመት ታክሲ ነድተው ከማንም ጋር ሳይጋጩ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ከኋላ ጡሩምባ ሲነፉባቸው የኖሩት ባልደረቦቻቸው ናቸው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የጋሼን ታክሲ ግን እንቁላሉም ቀድሟታል» እያሉ ይስቁባቸው ነበር። ባሌ በሞተ በወሩ ቤቱን መልሼ ስከፍት፣ ሴት ያሰረችው ጎማ መንገድ ላይ ይወልቃል ብሎ ወንዱ ሁሉ ሲሸሸኝ፣ መጀመሪያ ገብተው መኪናቸውን ያቆሙልኝ እሳቸው ናቸው። አራቱንም ጎማ አስፈትተው አሳሰሩኝ። ስጨርስ መፍቻውን ተቀብለው የመጨረሻዋን ብሎን በእጃቸው አጠበቁ። ከዚያ በር ላይ ቆሞ ወደሚያየው ሰው ዞረው «ቢወልቅ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው!» አሉ። ከዚያን ቀን ወዲህ ገበያ አጥቼ አላውቅም። እኔ ደግሞ ውለታ አልረሳም።

ዘንድሮ ዝናቡ ሊገባ ሰሞን ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጃቸው መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ገና ሳይነጋጋ ከቤት ስለምትወጣ ሰባት ዓመት የሞላትን ልጇን ትምህርት ቤት የሚያደርሷት ጋሼ ናቸው። የጋሼ መኪና ጎማ ተልጦ ልጅቷ ራሷ ሳትቀር «ይሄ መላጣ ነው» ብላ አሽሟጣለች አሉ። እናቷም ለጋሼ አራት አዲስ ጎማ፣ ከነብረቱ ከነቸርኬው፣ ልትገዛላቸው ቆርጣ ነው የመጣችው።

«እትዬ፣ ያቺን የምታብረቀርቀውን ቸርኬ ነው የምፈልገው» አለችኝ፣ ግድግዳው ላይ የሰቀልኩትን ትልቁን እያሳየች።

«እሷ ለዓይን ናት። ቸርኬው በተለቀ ቁጥር ጎማው ይሳሳል። ጉድጓድ ላይ ስትወድቅ የሚመታው የአባትሽ ወገብ ነው።»

«እንዴት እንደምታምር ግን አይታይዎትም?»

«አንቺ ራሱን ላመመው ሰው ጠርሙሱ የሚያምረውን መድኃኒት ነው የምትሰጪው?» አልኳት። ሳቀችና ተወችው።

የገረመኝ የአባትየው ነገር ነው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሼ ጎማ ሲገዙ እኔን ያማርሩኛል። ጎማው ጎን ላይ የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት የሚናገሩ አራት ደቃቅ ቁጥሮች አሉ፤ እነሱን በዓይናቸው ሳያዩ፣ «መደርደሪያ ላይ ያረጀ ጎማ ልትሰጪኝ ነው እንዴ?» ብለው ሳይነተርኩኝ ገዝተው አያውቁም። ያን ቀን አንዱንም አላዩም። «ጎኑ ወፍራም ይሁን። ጎኑ ብቻ ጠንካራ ይሁን» ይሉ ነበር ደጋግመው።

ከድሮው ጋር እኩል የሆነ፣ ሜዳ የሆነ ግራጫ ቸርኬና ጎነ ወፍራም ጎማ ላይ ተስማማን። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ከግራ ፊት ጀመርኩ። መፍቻውን መጀመሪያዋ ብሎን ላይ ሳሳርፈው ያለ ምንም ጉልበት ዞረ። ሁለተኛዋን በጣቴ ፈታኋት። ሦስተኛዋ ጥርሷን ስታ ተጣማ ነበር የገባችው፤ እየጮኸች ወጣች። ክው አልኩ። የዚያችን መኪና ብሎን ከእኔ በቀር ማንም አይነካውም፤ እኔ ደግሞ እንዲህ አላስርም።

ጎማውን አውርጄ ገለበጥኩት። እያንዳንዱ ቸርኬ ከውስጥ በኩል፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ የትኛው የየት እንደሆነ በነጭ ቀለም እጽፍበታለሁ። ከግራ ፊት ባወረድኩት ጎማ ላይ በገዛ እጄ ጽሕፈት «ቀኝ ፊት» ይላል። ጎኑ በመንገድ ጠርዝ ተፍቆ ተፍቆ ክሩ ሊታይ ምንም አልቀረውም፤ የቸርኬውም ከንፈር ተጣሟል። የቀኝ ኋላውን ሳወርድ እሱም እንደዚያው ነው። የቀሩት ሁለቱ ግን ጎናቸው ንጹሕ ነው። አራቱን በጽሑፋቸው መሠረት በየቦታቸው መሬት ላይ ሳስተኛቸው ነገሩ ፍንትው አለ። የግራው ወገን ምንም አልሆነም፤ የቀኙ ወገን ሁሉ ቆስሏል።

ቀና ስል ጋሼ እያዩኝ ነበር። ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ። አታንብቢው ማለታቸው ነው።

ልጃቸውን «እጓዳ ካርቶን ውስጥ የቸርኬ መሀል ክዳኖች አሉ፤ ደስ ያሉሽን አራት ምረጪ» ብዬ ላክኋት። ከዚያ የፈታኋቸውን ሦስት ብሎኖች ይዤ በጋሼ ቀኝ ቆምኩና፣ ድምፄን ሳላሰማ እጄን ፊታቸው አጠገብ ዘረጋሁ። ፊት ለፊት እንዳዩ ቀሩ።

«ጋሼ፣ ይቀበሉኛ።»

ደንገጥ ብለው ዞሩ። እጃቸው እጄን እስኪያገኝ አየሩን ዳበሰ።

«መቼ ነው?» አልኳቸው።

«አራት ወር ሆነው» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ ጠዋት ስነሳ በቀኝ በኩል መጋረጃ ወረደብኝ። ሐኪሙም አይመለስም ብሎኛል።»

«ልጅዎስ ታውቃለች?»

«ከነገርኳትማ ቁልፉን ትቀማኛለች።»

«ብትቀማዎትስ? እስኪ ምን ይቀርብዎታል?»

«ጠዋት ጠዋት ከልጅቷ ጋር ሃያ ደቂቃ አለችኝ። ሌሊት ያየችውን ሕልም ትነግረኛለች። ማባዛት ትጠይቀኛለች፤ እኔ አውቄ እሳሳትላታለሁ። እሷን ካደረስኩ በኋላ እስኪመሽ የማየው ግድግዳ ነው። የሚቀርብኝ እሱ ነው።»

አንጀቴን በሉት። ግን እኔ ሳዝንም እቆጣለሁ፤ ተፈጥሮዬ ነው።

«እነዚህንስ ማን ነው ያሰራቸው?»

«እኔ ነኝ። እሁድ ከሰዓት ልጄ ሥራ ላይ ሳለች። ጎማውን እንደምታነቢው አውቃለሁ፤ ጭረቱ በአንድ ወገን ብቻ እንዳይሆን የፊቶቹን አቀያየርኳቸው። እጽፍበታለሁ ብለሽኝ አታውቂም።»

«ጋሼ፣ ሁለቱ ያለ ጉልበት ነው የተፈቱት። ሦስተኛዋ ተጣማ ነው የገባችው። ዛሬ ጠዋት ልጅቷን ያደረሷት በዚህ ነው?»

ብሎኖቹን መዳፋቸው ላይ አድርገው በአውራ ጣታቸው ጥርሳቸውን ዳሰሱ። አርባ ዓመት ብሎን ያጠበቀ ጣት ዓይን አይጠይቅም። የተጣመመችዋ ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ።

«አጥብቄያቸው ነበር» አሉ። «አጥብቄያቸው ነበር እኮ።»

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልደብቅ አልችልም፤ ዝም ብዬ አዲሱን ጎማ አስሬ ብሸኛቸው በወደድኩ። እዚያ በር ላይ ብቻዬን በቆምኩ ጊዜ ከጎኔ የቆመውን ሰው እንዴት አድርጌ ነው የማዋርደው? ግን የዚያች ልጅ ትንሽ ሹራብ እኋላ ወንበር ላይ ይታየኛል።

«ለልጅዎ እኔ አላነብላትም» አልኳቸው። «የሚያነቡላት እርስዎ ነዎት። ካላነበቡላት ግን ይቺ መኪና ከክሪክ ላይ አትወርድም። ቢወልቅ ጥፋቱ የሁለታችንም ነው ብለውኝ የለ?»

ልጅየዋ አራት ክዳን ይዛ ስትመጣ ጋሼ በተከመሩት ጎማዎች ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔም ወደ ሥራዬ ዞርኩ። ጎማዎቹን ለቸርኬያቸው አለበስኳቸው፤ ነፋስ ሞላሁ፤ እያሽከረከርኩ ሚዛናቸውን ጠበቅሁ፤ ውስጣቸው ላይ በነጭ ቀለም ጻፍኩ። ብሎኖቹን እያጠላለፍኩ ሁለት ሁለት ዙር አጠበቅኋቸው። እጄ ሥራውን ይሥራ እንጂ ጆሮዬ እሳቸው ዘንድ ነበር። በመጨረሻ በቀኝ ፊት ጎማ ላይ አንዲት ብሎን ቀረች። መፍቻውን አቀበልኳቸው።

ይዘውት ቆሙ።

«ነይ እስቲ ልጄ» አሉ። እጇን ያዙና መሬት ላይ ወደተኙት አሮጌ ጎማዎች ወስደው የተፋቀው ጎን ላይ አስቀመጡት። «ይሄ የመንገድ ጠርዝ ነው። ይሄም። ይሄም። ሁሉም በቀኝ ነው። በቀኝ ዓይኔ ካላየሁ አራት ወር ሆነው። እሁድ ጎማ ቀያይሬ ብሎኑን ሳላጠብቅ ቀርቻለሁ። ልጅሽን ሦስት ቀን በሱ አመላልሻታለሁ።»

ልጅየዋ መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ሲገባት «ልጄን አባዬ? ልጄን?» ብላ እጇን ነጠቀች። ፊቷ ዓመድ መሰለ። በሩ ድረስ ሄዳ ጀርባዋን ሰጥታን ቆመች። ጋሼ መፍቻውን እንደያዙ ቀሩ። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «አራት ወር ሙሉ ብቻህን?» አለችና የነጠቀችውን እጇን መልሳ ሰጠቻቸው።

«በይ የመጨረሻዋን አንቺ አጥብቂያት» አሏት መፍቻውን እያስያዟት። «ወደ ቀኝ ነው የምትጠብቀው። እንዳትቸኩይ።»

አጠበቀች። ቁልፉንም ሰጧት። ጋሼ በሹፌሩ በር ሳይሆን በሌላው በኩል ዞረው ሄዱ፤ እጀታውን ዳብሰው እስኪያገኙት ማንም አልረዳቸውም። በገዛ መኪናቸው ከጎን ሲቀመጡ ሳይ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እውነት ያናገረ ሰው ቀልሎት ያድራል የሚል ካለ ዋሽቷል። ሳምንቱን ሙሉ ሃያ ደቂቃቸውን የሰረቅኋቸው እየመሰለኝ ምግቡም አልጥም አለኝ።

በሳምንቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ከመንገዱ ወዲያ የሕፃን ድምፅ ሰማሁ። «አባባ፣ ጠርዝ! አባባ፣ ብስክሌት መጣ!» ጋሼ ቀስበል በእግራቸው ናቸው፤ ልጅቷ ቀኝ እጃቸውን ይዛለች።

«መኪናዋን እናቷ ለሥራዋ ይዛታለች» አሉኝ በሩ ላይ ሲደርሱ። «እኛ ማልደን ተነስተን እንወጣለን። ሃያ ደቂቃ ነበረችኝ፤ አሁን አርባ አምስት ሆናልኛለች። ማባዛቱንም ጨርሰን ማካፈል ገብተናል።»

ከዚያ አንዱን እግራቸውን ጎማ ክምር ላይ ሰቀሉና የጫማቸውን ሶል አሳዩኝ።

«በይ እትዬ ጎማ፣ ይሄንንም አንብቢልኝ።»

እጄን በጨርቅ ጠርጌ ጎንበስ አልኩ። «እኩል ነው የተበላው» አልኳቸው። «ጎኑም ጭረት የለውም።»

«ከየት ይመጣል?» አለች ልጅቷ አነጋገሬ አናዷት። «በቀኝ በኩልማ እኔ አለሁ።»

ደወሉ ሊደወል ነው ብላ እጃቸውን እየጎተተች ይዛቸው ሄደች።