የማንተገብሽ ወጥመድ

ማንተገብሽን ድመት አናደደቻት ቢባል ማን ያምናል? መዋዕለ ሕፃናት ስትሠራ ያ ሁሉ ልጅ ባንዴ ሲያለቅስባት ፊቷን የማታጠቁር ሴት! ያቺ ግራጫ ድመት ግን ጨጓራዋን ላጠችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። እስራኤል አገር፣ ረሆቦት ከተማ፣ እነማንተገብሽ ያሉበት ሕንፃ ግቢ የድመት መዓት ነበር። በየጊዜው ይወለዳል፣ በየጊዜው መኪና ይደፈጥጠዋል። በመጥረጊያ የሚሰበስበውስ ማነው? ማንተገብሽ! አንድ ቀን ገና በቅጡ መራመድ ያልቻለ የድመት ልጅ ከአስፋልት ላይ ስታነሣ አለቀሰችና «በቃ!» አለች። ጋሊት የምትባል የድመት ወዳጅ የሽቦ ወጥመድ አዋሰቻት። ድመቶቹ በወጥመድ ይያዛሉ፣ ሐኪም ዘንድ ሄደው እንዳይወልዱ ይደረጋሉ፣ የጆሯቸው ጫፍ ለምልክት ተቆርጦ እዚያው ሰፈራቸው ይመለሳሉ። ሁሉም ተያዙ። የቀረችው ግራጫዋ ብቻ ናት፣ የሁሉም እናት።

ወጥመድ የሚይዘው የራበውን ነው። ማንተገብሽ የቱና ጣሳ ከፍታ ታስገባለች፤ ግራጫዋ መጥታ ታሸታለች፣ ጢሟን ትልሳለች፣ ጅራቷን ቀስራ ትሄዳለች። በሌላም ቀን ያው። ሆዷ ሞልቷላ! የሆነ ሰው እያበላት ነው። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ቀን ነው፤ ጋሊት ወጥመዱን ለጎረቤት ከተማ ለቂርያት ዔቅሮን ሰዎች ልትሰጠው ነው፣ የሐኪሙ ተራም ካለፈ እስከ ክረምት አይገኝም። እስከዚያ ግራጫዋ ደግማ ትወልዳለች፣ ማንተገብሽም መጥረጊያዋን ታነሣለች።

ጠዋት ከቆሻሻ ገንዳው ጀርባ ተደብቃ ስትጠብቅ ጉዱን አየችው። ምድር ቤት የሚኖሩት ጎረቤቷ እማማ ይታይሽ በከዘራ እየተደገፉ የዶሮ ሥጋ በሳህን ይዘው ወጡ። ከደረጃው ሥር ካለው ቀዳዳ ራቅ አድርገው አስቀመጡና ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። ግራጫዋ ብቅ ብላ ሳህኑን ጥርግ አደረገችው።

የማንተገብሽ ደም ፈላ። ሌላ ሰው ቢሆን አፏን ትከፍትበት ነበር፤ እማማ ይታይሽን ግን ማን ደፍሮ ይናገራል?

«እማማ፣ በሞቴ፣ ምን እያደረጉ ነው? በየበሩ እየዞርኩ አታብሏት ብዬ ለምኜ አልነበር?»

«ለምነሻል።»

«ታዲያ?»

«አራስ ናት» አሉ እማማ ይታይሽ። «አራስ ይራባል እንዴ?»

ማንተገብሽ ራሷን ያዘች። «ወልዳለች? ቤሰደር፣ እሺ፣ ከነልጆቿ ሐኪም ዘንድ እንወስዳታለን። ከዚያ ቀዳዳ እንዳወጣቸው ብቻ ይፍቀዱልኝ።»

«አልፈቅድም። አራስ ቀኗ ሳይሞላ ሰው አይደርስባትም። ምግቧን ከደጅ አስቀምጦ መመለስ ነው። እናትሽም አንቺን ስትወልድ በአራስ ጎጆ ለብቻዋ ተቀምጣ እንዲሁ ነበር።»

«ኧረ እማማ! የአራስ ጎጆ ለሰው ነው፤ ይቺ ድመት ናት እኮ!» ድምጿ ከፍ ማለቱ አሳፈራት፣ ግን አላቆመችም። «ልጆቿ ሲደፈጠጡ የምጠርገው እኔ ነኝ! እርስዎ ነዎት?»

እማማ ይታይሽ ደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ የወለድኩት ወደዚህ አገር ልንመጣ በእግር ወደ ሱዳን ስንሄድ መንገድ ላይ ነው» አሉ። «ጎጆ የለ፣ አራስነት የለ። ሲነጋ ‹ተነሺ፣ ይደረስብናል› አሉኝ። አልፈርድባቸውም፣ ፈርተው ነው። ተነሥቼ ሄድኩ። ወተቴ ደረቀ። ልጁን እዚያው አሸዋ ውስጥ ቀበርነው። ልጄ፣ እኔ አራስ አላስነሣም፤ ድመትም ብትሆን።»

የማንተገብሽ ንዴት ግን የት ይሂድ? እሳቸውን መቆጣት ቢያቅታት በድመቷ ተናደደች፣ በቀጠሮው ተናደደች፣ በራሷ ተናደደች። ስልኳን አውጥታ «ጋሊት፣ ወጥመድሽን ነይ ውሰጂ» አለች። ጋሊት በዕብራይስጥ ጮኸችባት፤ አብደሻል ወይ፣ እስከ ክረምት ተራ የለም፣ ደግማ ልትወልድ ነው!

«አውቃለሁ» ብላ ዘጋችው።

ከእማማ ይታይሽ ጎን ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ወንድ ነበር?»

«ወንድ።»

«ስሙን ማን አሉት?»

እማማ ይታይሽ ወደ ባዶው ሳህን ተመለከቱ።

«ስም የሚወጣበት ቀን መች ደረሰና» አሉ።