ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ

የወይንሐረግ ለመታከም ብላ ከቡራዩ እስከ ሰበታ አራት ታክሲ ቀየረች። ቡራዩ ውስጥ መድኃኒት ጠፍቶ አይደለም፤ ከበሯ ላይ ቆማ ጠጠር ብትወረውር የውብአየሁን ፋርማሲ ትመታለች። ችግሩ ራሱ ውብአየሁ ነው። የሚካኤል ጽዋ ማህበርተኛቸው ነው፤ ወር በገባ በአሥራ ሁለት ከእሷና ከባሏ ከሳህሉ ጋር ተጠጋግቶ ተቀምጦ ዳቦ ይቆርሳል። ለእሱ «ከታች ያሳክከኛል» ከምትለው ሰበታን አልፋ ጅማ ብትገባ ይቀላታል።

የሰበታዋ ነርስ ደግሞ የማታፍር ሴት ነበረች። መረመረቻት፣ ደሟንም አይታ ከዋናው ነጻ ነሽ አለቻትና እስክሪብቶዋን አነሳች።

«ትሪኮሞናስ ይባላል። ብዙ ሰው ላይ አለ፣ በሳምንት ይድናል። የሚተላለፈው በግንኙነት ነው።»

የወይንሐረግ ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ነው። ነርሷ ግን ቀጠለች። «ክኒኑን ጠዋትና ማታ ትውጫለሽ። እነዚህን ደግሞ ማታ ስትተኚ አንዳንድ እያደረግሽ በብልትሽ ታስገቢያለሽ፤ ውስጥ ገብተው ይሟሟሉ። እነዚህ አይዋጡም።» በብር ወረቀት የተጠቀለሉ፣ ተምር የሚያካክሉ ሰባት ፍሬዎች አሳየቻት። «ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጡ። ጠላም ቢራም እንዳትቀምሺ። ባለቤትሽም መጥቶ ይታከም፣ ምንም ባያመውም። አለዚያ አንቺ ትድኛለሽ፣ እሱ መልሶ ያሲዝሻል፣ እንደገና ሰበታ ትመጫለሽ።»

ከሰበታ እስከ ቡራዩ የታሰባት ይኸው ነበር። እሷ ከሳህሉ ሌላ ወንድ አታውቅም፤ ስለዚህ ነገሩ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሒሳብ አያስፈልገውም። ግን እሱ «ከየት አመጣሽው?» ቢላትስ? በየቀኑ መርካቶ ቢሮ ውላ የምትመጣው እሷ ናት፤ ታክሲ ጠፋ ብላ አምሽታ የምትገባውም እሷ ናት። ምስክር የላትም። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይሏል ይኼ ነው። በሽታውን ያን ያህል አልፈራችውም፤ የፈራችው ሳህሉ ጥፋቱን እሷ ላይ ለጥፎ ንጹሕ ሆኖ መቀመጡን ነው። መጀመሪያ ልዳን፣ ከዚያ እነግረዋለሁ ብላ የሆዷን በሆዷ ያዘች።

መድኃኒቱን ግን የት ታስቀምጠው? በታኅሣሥ የቡራዩ ውሃ ጥርስ ያረግፋል፤ የቤቷ መደርደሪያ ራሱ ከበቂ በላይ ይቀዘቅዝ ነበር። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ግን ቀዝቃዛ ቦታ ማለት ፍሪጅ ነው፣ ፍሪጅ ደግሞ በግቢው ያለው አከራይዋ እትዬ ሸዋነሽ ቤት ብቻ። ተከራዩ ሁሉ እዚያ የየራሱ ፌስታል አለው፤ እንዳይቀላቀል በየራሱ ክር ይታሰራል። የእነ የወይንሐረግ ቀይ ክር ነው። ካርቶኗን ከጾም ስልሱ ሥር ሸጎጠችና ክሩን ሁለት ጊዜ ቋጠረችው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ማታ ማታ ከባሏ ተደብቆ እንዲህ ያለ መድኃኒት መጠቀም መከራ ነበር። ዘንድሮ ግን ሳህሉ ጾመኛ ሆኗል። የመብራት መስመር ለመዘርጋት ሁለት ወር አዋሽ ከርሞ በተመለሰ በጥቂት ሳምንቱ፣ የነቢያት ጾም ገና ከመግባቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ጀመረ። አምና ይህ ጾም መኖሩን ያስታወሰችው እሷ ነበረች። ስለቴ ሰመረ ብላ እግዚአብሔርን አመስግና ነበር፣ ምስኪን።

በሦስተኛው ቀን መንገዱ ተዘጋ። ማስተር ፕላኑ አዲስ አበባን ዙሪያውን ሊያስፋፋት ነው፣ መሬታችንን ሊውጥ ነው ብሎ ወጣቱ ወጣ፤ የአምቦ መንገድ በድንጋይ ተሞላ፣ የጎማ ጭስ እስከ ግቢው ድረስ ሸተተ፣ አልፎ አልፎም ተኩስ ይሰማል። ታክሲ የሚባል ነገር ጠፋ፣ ሱቁ ሁሉ በሩን ዘጋ። የእትዬ ሸዋነሽ ባል ኦቦ ቦጂያ በሩ ላይ በርጩማ አውጥቶ ሬዲዮኑን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ዋለ። ዛሬ ቤቶቹ የቆሙበት ቦታ ድሮ የእሱ ገብስ ማሳ ነበር። «ያኔ በሜትር ለክተው ወሰዱት፣ አሁን ደግሞ በካርታ» ይላል ላለፈ ላገደመው። የወይንሐረግም መርካቶ መሄድ ቀረባት፣ ሳህሉም ሥራ መግባት ቀረበት፤ ሁለቱም አንዲት ክፍል ውስጥ ተፋጠው ዋሉ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ ፌስታሏን ስትፈታ አምስት መሆን የነበረባቸው ፍሬዎች አራት ሆኑ። ተሳስቼ ይሆናል አለች። በማግስቱ ከሰዓት ሄዳ ስታይ ሦስት መሆን ሲገባቸው ሁለት ናቸው። አሁንስ አልተሳሳተችም። በዓይነ ሕሊናዋ የግቢውን ሴቶች አንድ በአንድ ማሳከክ ጀመረች።

«እትዬ ሸዋነሽ፣ ፌስታሌን የሚነካ ሰው አይተዋል?»

«ባልሽ ነዋ» አሉ እትዬ ሸዋነሽ ሽሯቸውን እያማሰሉ። «ትናንትም ዛሬም በምሳ ሰዓት መጣ። ወይኒ መድኃኒቴን አምጣልኝ ብላኛለች አለኝ። እንዴት ያለ ባል ነው ብዬ ለቦጂያ ነገርኩት። እሱ እኔ ስታመም ውሃ አምጣ ብለው ላም ጠፋችብኝ ብሎ የሚወጣ ሰው ነው።»

የወይንሐረግ ካርቶኗን እንደያዘች ቤቷ ገባች። ሳህሉ ሬዲዮ ያዳምጣል። ሬዲዮኑን አጠፋችና ካርቶኗን ፊቱ አስቀመጠች።

«ምን አደረግካቸው?»

ሳህሉ ካርቶኗን አየ፣ ከዚያ በሩን አየ። መውጫ አልነበረውም፤ ቢወጣም መንገዱ ዝግ ነው።

«ዋጥኳቸው» አለ።

«ምን አልክ?»

«ሁለቱንም። ሻማ ሻማ ይላሉ። በሻይ ነው በመከራ የወረዱልኝ።»

በሌላ ቀን ቢሆን ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። አሁን ግን ሳቋ ጉሮሮዋ ላይ ቆመ፤ ምክንያቱም የሰው መድኃኒት ሰርቆ የሚውጥ ሰው የሚሰርቀውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሳህሉም ገብቶታል። ከኪሱ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ከሱሉልታ ክሊኒክ የተጻፈ ማዘዣ ነው፤ ላዩ ላይ ያለው የመድኃኒት ስም ካርቶኗ ላይ ካለው ጋር አንድ ነው።

«ሽንቴን ሲያቃጥለኝ ሄድኩ» አለ። «ሚስትህን ይዘህ ና አሉኝ። ማዘዣውን ይዤ መጣሁና ውብአየሁ ጋ መግባት አፈርኩ። ከተማ ወርጄ እገዛለሁ ስል መንገዱ ተዘጋ። ትናንት ስልሱን ላወጣ ፌስታሉን ስፈታ ካርቶኗን አየሁ። ያን ጊዜ አንቺ ጋም እንደደረሰ አወቅሁ።»

«ሱሉልታ ድረስ ምን ወሰደህ?»

«አንቺንስ ሰበታ ምን ወሰደሽ?»

ሁለቱም ከአንድ ሰው ሸሽተው አንዱ በሰሜን፣ አንዷ በደቡብ ከተማውን ዞረውታል።

«ከየት ነው?» አለች የወይንሐረግ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«አዋሽ። አንድ ቀን ነው። ሰክሬ ነበር ልልሽ ነበር፤ ሰክሬም ነበር፤ ግን መልስ አይሆንም።»

አለቀሰች። የሆዷን ያህል አለቀሰችና ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች፤ ከዚያ ከልቅሶው የባሰ ንዴት መጣባት። «በሽታውን ሰጠኸኝ፣ እሺ። መድኃኒቱን ደግሞ ሰረቅከኝ። ለእኔ ምን ልታተርፍልኝ ነበር ሳህሉ? ካርቶኑን?» አለችው። ሳህሉ ትራሱን ከአልጋው አነሳ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኝታው ከበሩ ሥር ያለው መደብ ሆነ።

ቀሪዎቹ ሁለት ፍሬዎች ሳምንቱን አይሞሉም፣ መንገዱም አልተከፈተም። በበነጋው ማለዳ፣ ባልና ሚስት ተከታትለው፣ ዓመት ሙሉ ቢሸሹት የማይጠሉትን በር አንኳኩ። ውብአየሁ ፋርማሲውን ዘግቶ በጓሮ በር ነበር የሚሸጠው። ማዘዣውን አነበበ፣ ካርቶኗን አገላበጠ፤ ፊቱ ላይ አንዲት ጡንቻ አልተነቃነቀችም። የጎደሉትን ፍሬዎች ለእሷ፣ ክኒኑን ለሳህሉ በጋዜጣ ጠቀለለላቸው።

«ይኼኛው ይዋጣል» አለው ሳህሉን። «ያኛው አይዋጥም።»

«ገብቶኛል» አለ ሳህሉ።

«አብራችሁ ነው የምትጨርሱት። እስከዚያ ድረስ አትገናኙም። መጠጥ በአፋችሁ እንዳይዞር፣ ካለቀም በኋላ ሁለት ቀን ትታገሳላችሁ። ያስመልሳል፣ ልብ ያስመታል፣ ቀልድ አይደለም።» እዚህ ላይ ውብአየሁ ራሱ ቆም አለ። ሦስቱም በልባቸው ቆጠሩ። ሚካኤል ሦስት ቀን ቀርቶታል።

የወሩ ማህበር የእትዬ ሸዋነሽ ተራ ነበር። ተኩሱ በርዶ፣ መንገዱ ግን ገና ጭር እንዳለ፣ ማህበርተኛው በየጓሮው እየተሹለከለከ ተሰበሰበ። ቄሱ ጸሎት አደረጉ፣ የታሰሩትን ፍታልን፣ የሞቱትን ነፍስ ማርልን አሉ፤ ኦቦ ቦጂያም የእህቱ ልጅ ከታሰረ አምስተኛ ቀኑ ነውና ጮክ ብሎ አሜን አለ። ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላ የሞላበት ጽዋም መዞር ጀመረ።

የወይንሐረግ ጋ ደረሰ። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ለዛሬ ይለፈኝ» አለች።

የተባረከ ጽዋ በከንቱ አይታለፍም። ከዚያ እትዬ ሸዋነሽ ፊታቸው በራ፤ ባል መድኃኒት ሲያመላልስ በዓይናቸው አይተዋል፣ ሚስት ደግሞ ጠላ ተወች፤ ሁለቱን ደመሩና የራሳቸውን መልስ አገኙ። «እሰይ! ሚካኤል ሰማ!» ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። ሴቶቹ ተቀበሏቸው።

የወይንሐረግ መሬት ብትከፈት ትገባ ነበር። ካገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ በየማህበሩ የሚጠየቀው የእሷ ሆድ ነው። እንዲህ ያለ እልልታ ስንት ጊዜ ተመኝታ ነበር፣ አሁን በውሸት ሲመጣላት እንደ ጥፊ ተሰማት። ከሦስት ወር በኋላ ሆዷ ባዶ ሲሆን ደግሞ የሚታማው ማን እንደሆነ ታውቃለች።

«ለአባትየው ይስጡት እንጂ» አለ አንዱና ጽዋው ሳህሉ እጅ ላይ ገባ። ሁሉም ያየዋል። ፉት ቢልና ፈገግ ቢል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ምስጢሩም ይዳፈናል። የወይንሐረግ አላየችውም። ዓይኗን ዳቦው ላይ ተክላ ጠበቀች።

ሳህሉ ጽዋውን ሳይቀምስ ለቄሱ መለሰና ብድግ አለ።

«እልልታውን ተዉት» አለ። «እርግዝና አይደለም። መድኃኒት ላይ ነን፣ ሁለታችንም። እሷ አላጠፋችም። ያመጣሁባት እኔ ነኝ።»

ባልና ሚስትን አንድ ላይ ጠላ የሚያስተው መድኃኒት ምን እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «መድኃኒት ላይ ላለ ዳቦው ይበቃዋል፤ ሚካኤል ጠላ ቆጥሮ አያውቅም» አሉ። ጽዋው ጉዞውን ቀጠለ። ማህበርተኛው ሽመክት ጋ ሲደርስ፣ ጠላ አምልጦት የማያውቀው ሰውዬ «ጨጓራዬን ሰሞኑን…» ብሎ ለጎረቤቱ አሳለፈው። ውብአየሁ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። የሽመክት ሚስት ደግሞ ሽመክትን ማየት ጀመረች።

ቤታቸው ሲገቡ የወይንሐረግ የሳህሉን ክኒን ከውሃ ጋር ሰጠችው፤ እስኪውጥ ድረስም ቆማ አየችው። ብርጭቆውን መለሰላት።

«ዛሬም መደብ ላይ ነኝ?»

«መድኃኒት የያዘ ነገር ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ ተብሏል» አለችው። አሁን ግን ያ ጉሮሮዋ ላይ የቆመው ሳቅ መጣባት፣ ብትይዘው አልያዝልሽ አላት። ፊቷን አዞረችና አልጋዋ ላይ ከነበሩት ሁለት ጋቢዎች ወፍራሙን አንስታ ወረወረችለት።