የተቃናው ቱቦ

ስህተቱን ያየሁት የትርኢቱ አዳራሽ በር ሊከፈት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ነው። ሰማያዊው የኒዮን መስመር ከመግቢያው ተነስቶ ግድግዳውን ይዞ እየተጣጠፈ ይሄዳል። መሃል ላይ ያለው አንዱ ቱቦ ግን የኔ አይደለም።

የሥራው ደንብ ቀላል ነው። ከአንድ እስከ ስድስት ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶች ካሉበት ጣሳ ዕጣ አወጣለሁ፤ የወጣው ቁጥር በሠላሳ ይባዛል፤ የመስታወት ቱቦው የዚያን ያህል ዲግሪ ማዕዘን እንዲሠራ ይታጠፋል። ወደድኩትም ጠላሁትም አልነካውም። ለዚያ ቱቦ የወጣው አንድ ነበር፤ ሹል ሆኖ መታጠፍ ነበረበት። ግድግዳው ላይ ያለው እንደ ክፍል ጥግ የተስተካከለ ዘጠና ዲግሪ ነው። መግቢያው ላይ ደግሞ «በዕጣ ብቻ የተሠራ» ብዬ በትልቁ ለጥፌያለሁ።

ቱቦዎቹን በእሳት እያጋሉ ያጣጠፉልኝ አጎቴ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሱቅ ማስታወቂያ መብራት ሲሠሩ የኖሩ። አዲስ ሸሚዛቸውን ለብሰው ሥራው ሥር ቆመዋል። ተከራክሬያቸው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ያ ቱቦ...»

«አየሽው አይደል?» ፊታቸው በራ። «እንደ ተሰበረ ክንድ ሆኖ አስጠላኝ፤ አቀናሁልሽ። የእህቱን ልጅ ሥራ አበላሸ ልባል ነው?»

«ዕጣው እኮ አንድ ነው ያለው።»

«ዕጣ ዓይን የለው!»

ብቻቸውን ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸው ቀስ ብሎ ጠፋ።

«ጉድ ሠራሁሽ በይኛ።»

 የኒዮኑ ትራንስፎርመር ጉምጉምታ ጥርሴ ውስጥ የገባ መሰለኝ። ከበሩ ውጭ ሰው መሰብሰብ ጀምሯል።

«በይ ጣሳሽን አምጪ» አሉ። «እንደኔ እጥፋት ሦስት ከወጣ ይቆያል። ካልወጣ ከመስመሩ አወጣዋለሁ፤ ቦታው ይጨልም።»

ጣሳውን አቀረብኩላቸው። ከዕጣ አንድ ነገር ስመኝ የመጀመሪያዬ ነው። ሦስት አድርገው፣ ሦስት።

አንዱን አወጡና ከፈቱት፤ ራቅ፣ ቀረብ አደረጉት።

«መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ። አንብቢልኝ።»

ወረቀቱን ተቀበልኩ። ዓይን ዓይኔን ያዩኛል።

«አምስት» አልኩ።

«አልሰማሁሽም።»

«አምስት ነው፣ ጋሼ።»

 እጅጌያቸውን እየጠቀለሉ፣ ቱቦውን ለማውጣት ወደ መብራቱ ማጥፊያ ሄዱ።

«ሦስት ብትይኝ እኮ አምንሽ ነበር» አሉና መብራቱን አጠፉት።