ከታንኩ ኋላ ያለው ስልክ

ሰው የወጋውን ጠላት ይጠላል። እግረኛ ወታደር የነበረው የኔ አባት ግን የሚጠላው የራሱን ወገን ታንከኞች ነው። ለምን ስለው “ተይኝ ጸጋ!” ብሎ ይዘጋኛል።

እዚህ አሜሪካ፣ ሌክ ሲቲ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ጋሽ ተክለጻድቅ የሚባሉ አሉ። በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ የታንክ መድፍ ጥይት ያጎርሱ ነበር። አባዬ ይህን ከሰማ ጀምሮ ሰላምታ ነፍጓቸዋል። እኔ ደግሞ ሰለቸኝ! ኦቴሎ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ ሳምንቱን ሙሉ ስጨቃጨቅ ከርሜ እሁድ የሁለት ሽማግሌ ኩርፊያ ልይ? ሶ፣ የቤተ ክርስቲያኑ የአረጋውያን ሽርሽር ታኮማ ከተማ አካባቢ ሲሆን ሁለቱንም መኪናዬ ውስጥ ጫንኳቸው። አባዬ መንገዱን ሙሉ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሄደ።

ቦታው የድሮ የጦር መሣሪያ የሚታይበት ግቢ ነው። ፓርክ አድርጌ ስደርስ ሁለቱም አንድ ታንክ ፊት ደርቀው ቆመዋል። ኤም ፎርቲ ዋን፣ አሜሪካኖች ያኔ ለኢትዮጵያ የሰጡት ዓይነት።

ቀላል ታንክ ይሉታል። ወይ ቀላል! ሃያ ሦስት ቶን ብረት ነው። የመድፉ አፈሙዝ የኔን ቁመት ሁለት እጥፍ ያስከነዳል። ከጎኑ መትረየስ፣ አናቱ ላይ ደግሞ ሌላ ወፍራም መትረየስ ተጠምዷል። ጋሽ ተክለጻድቅ ዘበኛውን አስፈቅደው ክዳኑን ከፈቱልኝ። እግዚኦ! የሱቄ ጓዳ ከዚያ ይሰፋል። መቀመጫው ከመድፉ ጋር ተጣብቋል፤ የጥይት መደርደሪያው ከወለሉ ሥር፣ ከሹፌሩ ጎን፣ የትም ነው።

“ጥይት ላይ ነበር የምንቀመጠው” አሉኝ። “ከኋላችን ደግሞ ሙሉ በርሜል ቤንዚን።”

የጎኑን ብረት በጣቴ ለካሁት። ሁለት ጣት አይሞላም። “ይሄ ነው የሚከልላችሁ?”

“ይሄው ነው ልጄ። ስለዚህ አንድ ቦታ አይቆምም። ይተኩሳል፣ ወዲያው ወደ ኋላ ይሸሻል። ከቆመ አለቀለት።”

በዚህ መሐል አባዬ ከታንኩ ጀርባ ጮኸ። ሮጥኩ። በቀኝ በኩል ካለች ትንሽ የብረት ሳጥን የስልክ እጀታ አውጥቶ ይዟል። እግረኛ ወታደር ከውጭ ሆኖ ውስጥ ያሉትን የሚያናግርበት ነው።

“በዚህ ነው የጠራኋችሁ!” አላቸው ጋሽ ተክለጻድቅን። “ጅጅጋ ግንባር እግሬን ተመትቼ ከታንክ ኋላ ወደቅኩ። በደረቴ መሳብም አልቻልኩም። የስልኩን ገመድ ጎትቼ ‘ወገን፣ ከኋላችሁ ወድቄያለሁ፣ እንዳትደፈጥጡኝ!’ እያልኩ ለመንኩ። አንድም ሰው አልመለሰልኝም። እግረኛ እንዳይጨቀጭቃችሁ ሽቦውን ትቆርጡት ነበር። ሁላችንም እናውቅ ነበር!”

ጋሽ ተክለጻድቅ አልተቆጡም።

“ታንኩ ወደ ኋላ መጣብዎ?”

“አልመጣም።”

“ተኩስ አልነበረም?”

“እንደ ዝናብ ነበር እንጂ!”

“ከዚያስ?”

“ጓደኞቼ ደርሰው እስኪጎትቱኝ እዚያው ቆሞ ነበር። ዞር ብዬ ሳየው... ይቃጠላል።”

ጋሽ ተክለጻድቅ ኮፍያቸውን አወለቁ። “አቶ ሥራዬ፣ እኔ እዚህ ውስጥ ተዋግቻለሁ። እንዲያ እየተተኮሰበት ይህን ታንክ የሚያቆም አዛዥ የለም። አንዱ ያጎርሳል፣ አንዱ ይተኩሳል፣ ለመመለስ እጅ አይተርፋቸውም። ግን ሰምተውዎታል። ባይሰሙዎት ኖሮ ወደ ኋላ ይሄዱ ነበር።”

እኔ የተወለድኩት ከዚያ ቀን በኋላ ነው። ልጆቼም፣ ይሄ የማያርፍ አፌም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ያን ስስ ብረት በሁለት እጄ ያዝኩትና አለቀስኩ።

አባዬ እጀታውን አልለቀቀም። “ስንት ሰው ነው ውስጡ የሚሆነው?” አላቸው ቀስ ብሎ።

“አራት። አዛዡ፣ ተኳሹ፣ አጉራሹና ሹፌሩ።”

“አራት ሰው” አለ አባዬ። “ለኔ ብለው ቆመው የነደዱ አራት ሰዎች። እኔ ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘመን ስሰድባቸው ኖርኩ።”