ትኩስ ኃጢአት ይሸጣል

በባሕር ዳሯ መንደር በፑንታ ካንግሬሆ «ኤስ» የምትባለውን ፊደል አሟልቶ የሚናገር ሰው እስካሁን አልተወለደም። ተወልዶም ከሆነ የባሕሩ ነፋስ ቀድሞ አፉን ዘግቶታል። ቃሉ መሀል ላይ ብትገኝ ትዋጣለች፣ ዳር ላይ ብትገኝም ትዋጣለች። የመንደሩ ወንዶች ሆድ እንደዚያ የተነፋው በቢራ ሳይሆን ዕድሜ ልካቸውን የዋጧት «ኤስ» ተጠራቅማባቸው ነው። የማያምን ካለ ይምጣና የጋሽ ኤሊሂዮን ሆድ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ይለጥፍበት፤ ሲያፏጭ ይሰማዋል።

ዩደልካ ደግሞ የምትጽፈው ልክ እንደምትናገረው ነበር። አምስተኛ ክፍል ባለቀበት ዕለት ቲቸር ኦልፊዳ ለብቻዋ ያስቀሯትም ለዚሁ ነው።

«ስሚኝ የኔ ልጅ» አሏት። «ረጅሙን እረፍት ሙሉ ሳትጽፊ ከከረምሽ ያቺ ያለችሽ ትንሽ እውቀትም ትጠፋለች። ትምህርት ሲከፈት አስቀምጬ አስጽፍሻለሁ። አንድ ገጽ ከሞላሽ ስድስተኛ ትገቢያለሽ። ካልሞላሽ ከትንንሾቹ ጋር እዚሁ ነሽ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ ቲቸር?»

«የፈለግሽውን።»

«የፈለግኩት ነገር የለም።»

«እሱኑ ጻፊው።»

ዩደልካ ግን አልጻፈችም። በሁለት የኮኮናት ዛፎች መሀል በተሰቀለው የመረብ አልጋ ላይ ተጋድማ ስትወዛወዝ ዋለች፣ ከረመች። እኩለ ቀን ላይ ባሕሩና ሰማዩ አንድ ዓይነት ነጭ ይሆኑና ጀልባዎቹ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስላሉ፤ ዓሣ አጥማጆቹ በገመድ የሚያስሯቸውም ወደ ላይ እንዳይሄዱባቸው ነው። ዓይኗን ከደን ስታደርግ ፊደላቱ አንድ በአንድ ከትምህርት ቤቱ በር እየወጡ ወደ ባሕሩ ሲገቡ ታያለች። «ኤስ» እንደ ትንሽ እባብ እየተጥመለመለች ከፊት ትመራለች። ዩደልካ ትሰናበታቸዋለች እንጂ ተመለሱ አትላቸውም።

አንድ ቀን ታዲያ ማዕበል መጣና የእናቷን የካሲልዳን የማስታወቂያ ሰሌዳ ይዞት ሄደ። ካሲልዳ ባሕር ዳር ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሴት ናት።

«ያንን ቀይ ቀለም አንሺና ትኩስ ዓሣ ይሸጣል ብለሽ ጻፊልኝ» አለቻት። «እኔ እጄ ዘይት ነው።»

በአገራቸው ቋንቋ፣ በስፓኒሽ፣ ዓሣ «ፔስካዶ» ነው። «ኤስ»ን አውጥተው «ፔካዶ» ካሉት ግን ዓሣ መሆኑ ይቀርና ኃጢአት ይሆናል። ዩደልካ አንድ ሳንቃ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቃሉን በአፏ እያለች፣ አፏ እንደነገራት ጻፈች። ከዚያ ሰው ሁሉ እንዲያየው ከፍ አድርጋ ሰቀለችው፦ «ትኩስ ኃጢአት ይሸጣል።»

በመጀመሪያ ያዩት ዛፍ ሥር ዶሚኖ የሚጫወቱት ናቸው።

«ካሲልዳ!» አሉ ጋሽ ኤሊሂዮ። «የዛሬ ነው የትናንት?»

«የዛሬ ነው ጋሼ! ጠዋት ነው የተያዘው!»

«ከማን ጋር ተያዘ?»

ጠረጴዛው በሳቅ ተገለበጠ። «በይ ለኔ ሁለት አድርጊልኝ፣ ከሙዝ ጥብስ ጋር። ለባለቤቴ ግን እንዳትነግሪ!» አለ አንዱ ተጫዋች። አባ ቶሪቢዮም በብስክሌት ሲያልፉ አዩትና ቆሙ። «እኔ በነጻ ይቅር የምለውን አንቺ በገንዘብ ትሸጫለሽ?» ብለው ከጭራው በኩል አንድ አዘዙ።

ዩደልካ የሆነው ሲገባት ፊቷ ከምጣዱ ዘይት ብሶ ጋለ። ብሩሹን ወደ ባሕር ወረወረችና ከተገለበጠ ጀልባ ጀርባ ተደበቀች። ከእንግዲህ ስሜን እንኳ አልጽፍም ብላ ማለች። ከትንንሾቹ ጋር ሌላ አንድ ዓመት መቀመጥ ከዚህ ይሻላል።

በማግስቱ ቲቸር ኦልፊዳ ጥላቸውን ዘርግተው መጡና አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«አንድ ኃጢአት።»

«ቲቸር፣ እርስዎም?» አለች ዩደልካ እንባዋ እየመጣ።

«ምነው? የማይበላ ነው? ለነገሩ ይኼንን ዓሣ አላውቀውም። አጥንት አለው?»

ዩደልካ አኩርፋ ወደ ባሕሩ ዞረች። «የለውም» አለች ፊቷን ሳትመልስ።

«የት ነው የሚኖረው?»

«ጥልቁ ውስጥ። እሁድ ጠዋት ብቻ ነው የሚወጣው። ያኔ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ የሚያየው የለም።»

«ሲወጣስ ምን ያደርጋል? ቆይ፣ ቆይ። በአፍ አትንገሪኝ፣ እረሳዋለሁ። ከሰሌዳው ሥር ጻፊልኝ፣ ነገ መጥቼ አነበዋለሁ።»

«ሰው ይስቃል።»

«ይሳቅ እንጂ! የሚለቀስበት ነገር ልትጽፊ ነው እንዴ?»

ብሩሽ ስላልነበራት ከእናቷ ምድጃ ከሰል አነሳች። «ኃጢአት ሲወጣ አሸዋው ላይ ይተኛና የጎረቤቶችን ፊት ማስመሰል ይለማመዳል» ብላ ጻፈች። በማግስቱ ቲቸር ብቻ ሳይሆኑ ዶሚኖ ተጫዋቾቹም አነበቡት። ማንበብ የማይችለው አስነበበ። «ከዚያስ?» አሉ። ከዚያማ ኃጢአት ሲጠበስ እንደሚስቅ፣ ከዚያም አንድ ጊዜ ጋሽ ኤሊሂዮን ከነጀልባቸው እዚያ ማዶ ካለችው ደሴት ከኩራሳዎ ድረስ እንደጎተታቸው ጻፈች።

ጋሽ ኤሊሂዮ ተቆጥተው መጡ። «አንቺ ልጅ፣ ምን በድዬሽ ነው?»

«ውሸት ስለሆነ ነው ጋሼ?»

«ኩራሳዎ ስላልሽ ነው! እኔን የሚያህል ሰው ተጎትቶ ኩራሳዎ? ቢያንስ ስፔን አድርጊው!»

አጥፍታ ስፔን አደረገችው። ሰሌዳው ሞላ፤ ወደ እናቷ ሱቅ ግድግዳ ዞረች። ግድግዳውም ሞላ፤ ወደ ተገለበጠው ጀልባ ሆድ ወረደች። አመሻሽ ላይ ውሃው መዳብ ሲመስል፣ ከሥሩ አንድ ትልቅ፣ አጥንት የሌለው ነገር ቀስ ብሎ ሲያልፍ እሷም ልታየው ምንም አልቀራትም። ቃላቱን እያንሾካሾከች ስትጽፍ አንዳንዴ የጎደለችው «ኤስ» በጥርሷ መሀል ሽው ትላለች፤ አንዳንዴ ደግሞ ትቀራለች። ከላይ ያለችውን ስህተት ላርማት ስትል ግን ካሲልዳ ማንኪያዋን ይዛ ተነሳችባት። «እንዳትነኪያት! ዓሣማ የትም አለ!»

ትምህርት ተከፈተ። ቲቸር ኦልፊዳ ወረቀት ሰጥተው በመስኮቱ በኩል አስቀመጧት። ዩደልካ አንገቷን ደፋች፣ ምላሷን በከንፈሯ ዳር አወጣች፣ ጀመረች። ስለ ዓሣ አልነበረም። አገሩ ሁሉ እንቅልፍ ሲወስደው ደወሉን እየደወለች ሰውን በየሕልሙ ስለምትጎበኝ ፍየል ነበር። ገጹ ሞላ፤ ገለበጠችው። ደወል ተደወለ፣ ልጆቹ እየተንጫጩ ወጡ፤ እሷ ግን አልሰማችም።

«ቲቸር፣ ሌላ ወረቀት» አለች ቀና ሳትል።

ቲቸር ሰጧትና የሞላውን አንስተው አዩት። «ኤስ» አንዱ ቦታ አለች፣ ሌላው ቦታ የለችም፣ አንድ ቦታ ደግሞ ማንም ሳይጠራት መጥታ ጉብ ብላለች። ሳቃቸውን በእጃቸው አፈኑት። ከዚያ የልጅቷን ቦርሳ ከወንበሩ ሥር ቀስ ብለው ሳቡና፣ ጫማቸው እንዳይሰማ እየተጠነቀቁ በኮሪደሩ ተሻግረው፣ ስድስተኛ ክፍል ፊት ወንበር ላይ አስቀምጠውት ተመለሱ።

ዩደልካ እንደሆነች ገና ፍየሏን ወንዝ አላሻገረቻትም።